አያቴ ያበደችበት ሰሞን

አያቴ ያበደችው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ደህና ነበረች። እንዲያውም ከደህናም በላይ ነበረች፤ ካርታ ተጫውተን ደጋግማ አሸንፋኛለች፣ ሁሉንም አጭበርብራ። ከምሳ በኋላ ግን ከማዘጋጃ ቤት አንድ ከረባት ያሰረ ሰው መጣ፤ እሷም ሰውየው ገና ሲያናግራት አበደች።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። በዚያ ዕድሜ ሰው ብዙ ነገር ያውቃል፤ ችግሩ የሚያውቀው ሁሉ የተሳሳተ መሆኑ ነው። እኔ ለምሳሌ አያቴን ያሳበዳት ከረባቱ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ማስረጃም ነበረኝ።

መጀመሪያ ስለ ግቢያችን ልናገር። ጠባብና ረጅም ነበር፤ መጀመሪያ የገዛው ሰው ስለ ርዝመቱ ሲከራከር ስፋቱን የረሳ ይመስላል። ከፊት፣ መንገዱ ዳር፣ የአባቴ የብየዳ ሥራ ቤትና እኛ የምንኖርባቸው ክፍሎች ነበሩ። ከኋላ አክስቴ ልብስ የምትሰፋበትና የምትኖርበት ቤት። መሃል ላይ አያቴ፣ ከነአልጋዋ፣ ከነካርታዋ። ግቢው ያለው አንድ በር ብቻ ነው፣ በግራ ጥግ በኩል። በቀረው የፊት አጥር ሥር ሰው የሚውጥ የጎርፍ ቦይ ስለሚያልፍ ሌላ በር መክፈት አይቻልም። መሬቱ በአያቴ ስም ነበር፤ ባሏ ሲሞት የተወላት መሬቱንና ሦስት ልጆችን ነው። የበኩር ልጇ ሀብታም ስለሆነ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው። አባቴና አክስቴ ሀብታም ስላልሆኑ እሷው ጋ ቀሩ።

ጠቡ የተጀመረው በመብራት ነው። አባቴ ብየዳ በጀመረ ቁጥር የአክስቴ አምፖል ይደበዝዛል፣ የስፌት መኪናዋም አቃስቶ ይቆማል። ያኔ አክስቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ መቀሷን እንደያዘች ከኋላ ትመጣለች።

"አንተ ሰውዬ፣ የሰርግ ቀሚስ የምትጠብቅ ልጅ አለችብኝ። አንድ እጅጌ ብቻ ለብሳ ትሞሸር?"

አባቴ የብየዳ ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ይሰቅላል። "እኔ ደግሞ በር የሚጠብቅ ሰው አለብኝ። ቤቱን ክፍቱን ጥሎ ይደር?"

"በቀን ለሁለት ሰዓት ብታርፍልኝ ምን ትሆናለህ?"

"መብራቱ አንድ ነው። ምን ላድርግሽ፣ ከአፌ አውጥቼ ልስጥሽ?"

እናቴ ከወጥ ቤት ሆና "ሁለታችሁም ብታርፉ የእኔ ምድጃ በሞቀ ነበር" ትላለች። እሷን የሚሰማ ግን የለም።

አክስቴ አንድ ቀን መረራትና የራሷን ቆጣሪ ልታስገባ ወደ መብራት መሥሪያ ቤት ሄደች። በአንድ ይዞታ ሁለት ቆጣሪ አይገባም አሏት። ይዞታው ለሁለት ይከፈል፣ ለዚያ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ያስፈቅዱ ተባለ። ማዘጋጃ ቤት ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ቀያሽ ይመጣል፣ ይለካል፣ ለሁለቱም ቁራሽ መውጫ መንገድ መኖሩን ያያል። ከዚያ ባለይዞታዋ በገዛ አንደበቷ "ፈቅጃለሁ" ትላለች፤ መጀመሪያ መሬቷ ላይ ቆማ ለቀያሹ፣ ቀጥሎ ጽሕፈት ቤት ቀርባ ለኮሚቴው። በጣት አሻራ አይሆንም፣ በውክልና አይሆንም። ሽማግሌና አሮጊት እያስፈረሙ መሬት የሚበሉ ልጆች ስለበዙ ነው አሉ።

እኔ መሬት የሚከፈለው በመጋዝ መስሎኝ ነበር። አባቴ ብረት የሚቆርጥበት ግራይንደር ስላለው ሥራውን ለእሱ ይሰጡታል ብዬ በትምህርት ቤት ሁሉ አውርቻለሁ።

አንድ እሁድ አባቴና አክስቴ ከአያቴ ክፍል ውጭ፣ መስኮቷ ሥር ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመካከሩ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጯጯሁ። እኔ መሬት ላይ የአክስቴን የልብስ ቁልፎች በየቀለማቸው እለይ ነበር።

"እማዬስ?" አለ አባቴ።

"እማዬ ምን?"

"ማለቴ፣ ሲከፈል ከማን ጋር ትሆናለች? መስመሩ እኮ በክፍሏ መሃል ነው የሚያልፈው።"

"ካንተ ጋር ነዋ። ወንድ ልጇ ነህ።"

"አንቺ ሴት ልጇ ነሽ። እናት ከሴት ልጅ ጋር ነው የሚያምርባት።"

"የእኔ ቤት ጠባብ ነው።"

"የእኔ ጭስ አለው፣ ሳንባዋን ይጎዳታል።"

"አንተ ጋ ልጅቷ አለች፣ ታጫውታታለች።"

"አንቺ ጋ ጸጥታ አለ። በዚህ ዕድሜዋ የሚያስፈልጋት ጸጥታ ነው።"

ሰምቼ ልቤ በደስታ ሞላ። ያን ያህል ቸር ሰዎች አይቼ አላውቅም። እኔ አንዲት ከረሜላ ስትደርሰኝ እጄን ጨብጬ ነው የምሮጠው፤ እነሱ ግን በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የምትበልጠውን አያቴን "አንቺ ውሰጃት፣ አንተ ውሰዳት" እየተባባሉ ይሸላለሙ ነበር። ሮጬ ገብቼ ነገርኳት።

አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ካርታ እየበወዘች ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው።

"አዎ" አለች። "እንዴት ያሉ ቸር ልጆች ወልጃለሁ።"

ከዚያ ካርታውን አደለች፤ ያን ቀን ግን አላጭበረበረችም፣ እኔም አሸነፍኳት። ልጅ ሆኜ ይህ እድለኛ የሆንኩበት ቀን ብቻ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ቀያሹ መጣ። ሥራው ቅየሳ ቢሆንም ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ "ኢንጂነር" ነው የሚለው፣ እሱም አያርምም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከረባት ያሰረ፣ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነበር። በአንድ እጁ የሜትር መጠቅለያ፣ በአንድ እጁ ኖራ የያዘ ጣሳ። አባቴ ወንበር ጠርጎ ሰጠው፣ አክስቴ ውሃ አመጣችለት። ሲለካ ቆይቶ ከፊት እስከ ኋላ ያለውን በኖራ ምልክት አደረገና አያቴ ፊት ቆመ።

"እማማ፣ ይህንን መሬት ለሁለቱ ልጆችዎ ለማካፈል ፈቃደኛ ነዎት?"

አያቴ ከእግሩ ጀምራ ቀስ ብላ ወደ ላይ አየችው።

"ልጄን ልታገባ ነው የመጣኸው?"

አክስቴ የያዘችው ብርጭቆ አመለጣት።

"እማማ፣ እኔ ከማዘጋጃ ቤት..."

"እግርህ ቀጭን ነው። ልጄ ወፍራም እግር ነው የምትወደው። የመጀመሪያውን ፍቅረኛዋን ብታየው፣ ምሰሶ በለው።"

"እማዬ" አለች አክስቴ።

"አባትህ እንዴት ነው ልጄ?" አለች አያቴ ለቀያሹ፣ ድንገት ለስልሳ።

"አባቴ... አርፈዋል እማማ። ቆይተዋል።"

"አይደለም። ትናንት እዚህ መጥቶ ነበር። ሰላም በይልኝ፣ ደግሞም ጠብቀኝ በይልኝ ብሎሃል።"

የኢንጂነሩ ፊት ከኖራው ነጣ። ሜትሩን እንኳ በደንብ ሳይጠቀልል "ሲሻላቸው እመለሳለሁ" ብሎ፣ የሜትሩን ጫፍ እየጎተተ ወጣ። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። አክስቴ ስብርባሪ እየለቀመች ታለቅስ ነበር። አያቴ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ተከትያት ስገባ "ተራው የማን ነበር?" አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው ከረባቱ የገባው። ሌላ ምን ልበል? ጠዋት ጤነኛ፣ ከረባት ሲመጣ እብድ፣ ከረባት ሲሄድ ጤነኛ። ለማረጋገጥ የአባቴን አንድያ ከረባት ከቁም ሳጥን አውጥቼ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ፊቷ ቆምኩ።

"አውልቂው፣ ታንቂበታለሽ" አለችኝ።

ስለዚህ ከረባቱ ብቻውን አያሳብድም፣ ከሜትር ጋር ሲሆን ነው ብዬ ደመደምኩ። ብዙ የተማሩ ሰዎች ከዚህ ባነሰ ማስረጃ ከዚህ የባሰ ነገር ሲያምኑ ስላየሁ፣ ዛሬም በዚያች ልጅ ብዙ አልስቅባትም።

ኢንጂነሩ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሰ። ይህን ጊዜ በር ላይ ቆሞ "ደህና ናቸው?" ብሎ ጠይቆ ነው የገባው። አያቴ ጨዋ ሆና ተቀበለችው፣ ስለ ሙቀቱም አወራችው። "መሬቱን" ሲል ግን ጆሮዋ እንዳልሰማ ሆና ወደ አክስቴ ዞረች።

"እመቤት፣ ቀሚሴ መቼ ነው የሚደርሰው? ደንበኛሽ ነኝ እንጂ ሌላ ምንሽም አይደለሁም፣ ቢሆንም ቀጠሮ አክብሪ።"

ከዚያ ወደ አባቴ። "አንተ በያጅ፣ ጠዋት ጠዋት በደጄ አልፈህ ትገባለህ። ሰላምታ አታውቅም እንዴ? ጎረቤት ነህ ወይስ ሌባ?"

ኢንጂነሩ መዝገቡን አጠፈና አባቴንና አክስቴን ወደ ጎን ወሰዳቸው። እኔም ጎን ነበርኩ።

"ባለይዞታዋ አእምሯቸው ካልጸና እኔ ምንም ማድረግ አልችልም" አለ። "የሐኪም ማስረጃ ይወጣና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ፍርድ ቤት ሞግዚት ይሾምላቸዋል። ልጆቻቸው በሙሉ ደግሞ እንዲያውቁ ይደረጋል።"

"በሙሉ?" አለ አባቴ።

"በሙሉ። ሌላ ልጅ አላቸው?"

አባቴና አክስቴ ተያዩ። እኔም ደስ አለኝ፣ አጎቴ ሲመጣ ብስኩት ይዞ ነው የሚመጣው።

አያቴ እውነቱን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ነው። ያኔም ካርታ እያጭበረበረች ነበር። "እምቢ ብል ክፉ እናት እባላለሁ" አለችኝ። "እሺ ብል ደግሞ በገዛ ቤቴ እንግዳ ልሆን ነው፣ ያውም እንግዳ የማይፈልጉ ሰዎች ቤት። እብድ ግን እሺም እምቢም አይልም። ማን ይጠይቀዋል?" ነገሩን እንዲህ አሳምራ ያሰበች ሴት አንድ ነገር ብቻ ዘንግታ ነበር፤ እብድ ካልተጠየቀ ስለ እሱ የሚጠየቅ ሌላ ሰው እንደሚኖር።

ያ ሌላ ሰው ቅዳሜ በመኪናው መጣ። አጎቴ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ሽቶው ይደርሳል። የብስኩት ቆርቆሮ ለእኔ፣ አበባ ለእናቱ፣ ለአባቴና ለአክስቴ ትከሻ ትከሻቸውን መታ መታ። አብሮት አንድ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሰውየው ሰላም ሳይል ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳ ጀመር፤ ወለሉን በጫማው ረገጥ ረገጥ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ፣ ጆሮውንም አንድ ቦታ ላይ ለጠፈ። ወዲያው ገባኝ፤ ሐኪም ነው። የእኔንም ጀርባ ሐኪሙ እንዲህ ነው ያንኳኳው።

"የታመመችው እዚያ ውስጥ ነው ያለችው" አልኩት፣ ወደ አያቴ ክፍል እያመለከትኩ።

"እሷ አታስፈልገኝም" አለኝ።

በሽተኛ ሳያይ ከግድግዳ ብቻ በሽታ የሚያውቅ ሐኪም ነው ብዬ አደነቅሁት። ገዢ መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

አጎቴ የአያቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጇን ያዘ። "እማዬ፣ እኔ ጋ እወስድሻለሁ። ክፍል ተዘጋጅቶልሻል። ጸሐይ የሚገባበት። ነርስ እቀጥርልሻለሁ።"

አያቴ እጇን አስለቅቃ ካርታዋን አነሳች።

"ፍርድ ቤቱ የበኩር ልጅ ስለሆንኩ እኔን ይሾመኛል" አለ ወደ እህትና ወንድሙ ዞሮ። "ይህ ቦታ ይሸጥና ለሦስት እንካፈላለን። ገዢ አለ። መንገድ ዳር ስለሆነ መጋዘን ይሆነዋል።"

"እኛስ ጋሼ?" አለች አክስቴ። "እኛ የት እንሂድ?"

"ቤት ሞልቶ። ትከራያላችሁ።"

አክስቴ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፣ እኔ በደስታ መስሎኝ ብስኩት አቀበልኳት። አባቴ የሥራ ጓንቱን አንዴ ያወልቃል፣ አንዴ ያጠልቃል። ሲጠበቅ የኖረው ቆጣሪ ቀርቶ ቤቱም ሊሄድባቸው ነው። አያቴ ደግሞ ካርታዋን ብርድ ልብሱ ላይ ትታ ከመኝታዋ ቀና ብላ ተቀመጠች።

"ደህና ነኝ እኮ" አለች።

"አውቃለሁ እማዬ" አለ አጎቴ፣ ሕፃን በሚያባብሉበት ድምፅ።

"ሆን ብዬ ነው ያበድኩት።"

"እሺ እማዬ።"

"ያንተ ነርስም ጸሐይም ይቅርብኝ። ብስኩትህ ደግሞ ጊዜው አልፎበታል።"

አጎቴ አባቴን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ብሶባታል ማለቱ ነው። አባቴም መልሶ ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ሁሉ በሽታ ሆነ። ተቆጣች፣ "ይኸው፣ ቁጣ ጀመራት" ተባለ። ሳቀች፣ ያ ደግሞ ባሰ። በመጨረሻ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እየሳቀች ነው ብዬ አብሬያት ሳቅሁ። አልነበረም። ብስኩቱን በተመለከተ ግን አያቴ ልክ ነበረች፤ ሁለት ቀን ሆዴን ይዤ ተኝቻለሁ።

የኮሚቴው ቀጠሮ ቀድሞ ተይዞ ስለነበር ሁላችንም ሄድን። አጎቴ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ ፍርድ ቤት ይላክልኝ ሊል ነው የሚሄደው። አባቴና አክስቴ ደግሞ ይህ ሲባል ለመስማት። እኔን የሚጠብቅ ስላልተገኘ ወሰዱኝ። የማዘጋጃ ቤቱ ኮሪደር ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከወገብ በላይ ሌላ አረንጓዴ ነበር። ሰዎች ፋይላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው አግዳሚው ላይ ይጠባበቃሉ። በመስታወቱ ቀዳዳ አጎንብሰው የሚያወሩትን ጸሐፊዋ "ነገ" እያለች ታሰናብታለች።

እኔ ጭንቀቴ ሌላ ነበር። በየበሩ ከረባት ይወጣል፣ ይገባል። አጎቴም ሰማያዊ አስሯል። ኢንጂነሩ ሜትሩን ኪሱ ውስጥ ከቶ መጥቷል። አያቴ በዚህ ሁሉ መሃል ጤነኛ ሆና እንዴት ትወጣለች? አጎቴን እጅጌውን ጎተትኩት።

"ከረባትህን አውልቅ። አያቴን ያሳብዳታል።"

"ይቺም ጀመራት" አለ አጎቴ ለአባቴ።

ተጠራን። ደግነቱ ሰብሳቢዋ ሴት ነበረች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ። አንገቷ ላይ ከረባት የለም። አጎቴ ቆሞ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ስለ እናት ፍቅር፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ኃላፊነት። ሰብሳቢዋ እጇን አነሳችና ወደ አያቴ ዞረች።

"እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"የቀጠሯችሁ ቀን ነዋ" አለች አያቴ። "ሌላ ቀን ቢሆን በሩን ትከፍቱልን ነበር?"

"ይህ ሰው ማን ነው?"

"የበኩር ልጄ። በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ዘንድሮ ገዢ ስላገኘ ተጨማሪ መጣ።"

"ያኛውስ?"

"ኢንጂነር የሚሉት ቀያሽ ነው።" ወደ እሱ ዞረች። "ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ። አባትህን አላየሁትም። የላከብህም ነገር የለም።"

ኢንጂነሩ ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀው።

"ታዲያ እማማ፣ አእምሮዎ ጤነኛ ከሆነ ለምን ሰው ያስቸግራሉ?" አለች ሰብሳቢዋ።

"ጤነኛ ሳለሁ ልጆቼ ስለ እኔ ሲነጋገሩ የምሰማው በመስኮት ነበር። አንዱ ላንዱ ሲገፋኝ። ካበድኩ ወዲህ ግን ጠዋት ማታ እየመጡ እንዴት አደርሽ፣ ምን ልስጥሽ ይሉኛል። አንቺ ብትሆኚ ትድኚ ነበር?"

አባቴና አክስቴ እኩል አጎንብሰው ወለሉን አዩ። የወደቀባቸው ነገር አለ ብዬ እኔም ወንበር ሥር ገብቼ ፈለግሁ፤ ምንም የለም። ከታች ቀና ስል አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞታል። ዛሬ ያን ፊት ሳስበው፣ የፈለግሁት ነገር እዚያ ላይ እንደነበር አውቃለሁ።

"እሺ" አለች ሰብሳቢዋ ቀስ ብላ። "እንግዲያስ ይንገሩኝ። ማካፈሉን ፈቅደዋል ወይስ አልፈቀዱም?"

"ፈቅጃለሁ። የፊቱ ለእሱ። የኋላው ለእሷ። ለዚያኛው" ወደ አጎቴ በአገጯ፣ "አባቱ በሕይወት እያለ ሱቅ ከፍቶለታል። ጠግቧል።"

ኢንጂነሩ የግቢውን ፕላን ዘረጋ። የኋላው ቁራሽ መውጫ እንዲኖረው በግራው አጥር ሥር ሦስት ሜትር መተላለፊያ እንደሚተው፣ ግቢው ሌላ በር ስለማይወጣለት የፊቱም በዚያው እንደሚጠቀም አስረዳ። "መተላለፊያው የጋራቸው ይሆናል" አለ።

"የጋራ አይሁን" አለች አያቴ። "በስሜ ይሁን።"

"ምኑ እማማ?"

"መተላለፊያው።"

"እማማ፣ እሱ መንገድ እኮ ነው። ቤት አይሠራበትም።"

"ቤት ማን ጠየቀህ? ወንበር ይበቃኛል።"

ሰብሳቢዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አገኘችው፤ አደረገችና አያቴን በደንብ አየቻት። "በሕጉ ይቻላል" አለች ለኢንጂነሩ። "ልጆቹ የማለፍ መብት እንዳላቸው እስከተጻፈ ድረስ።" ከዚያ ለአያቴ፦ "እንዲያልፉ ይፈቅዳሉ?"

"እናታቸው አይደለሁ? አሳልፋቸዋለሁ። ሰላም ካሉኝ።"

አጎቴ ተነሳ፣ ተቃውሞ አለኝ አለ። ሰብሳቢዋ በጽሑፍ አምጣ አለችው፣ ሲወጣም ጸሐፊዋ በቀዳዳው በኩል "ነገ" አለችው።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን እያለቀስኩ ነበር። አያቴን አታለሏት። አባዬ ሰፊውን የፊት ወሰደ፣ አክስቴ የኋላውን ወሰደች፣ ለእሷ የደረሳት ቦዩ የሚሸትበት፣ ድመት የሚዞርበት ቀጭን መሬት ነው። አባቴን እስከ እራት ድረስ አኮረፍኩት። እሱ ደግሞ ልጁ ለምን እንዳኮረፈችው ሳይጠይቅ፣ ይገባኛል ብሎ ቻለው።

ቀስ በቀስ ገባኝ። አያቴ ያን ቀን ከመሬቱ ትንሿን ወስዳ ሁሉንም ወሰደች። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል ኖራለች፤ ቁርሷን የፊት ቤት በላች፣ ሲያሰኛት የኋላ ቤት አደረች፣ አንዱ ሲያስቀይማት ወደ ሌላው ሄደች። ከማን ጋር ትሁን የሚል ሰው ዳግም አልሰማንም። ያ ሦስት ሜትር ዛሬም በስሟ ነው። አባቴም አክስቴም ስም ይዛወርልን ብለው አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤት አልሄዱም። አጎቴም መጥቶ ያውቃል፣ መኪናውን ግን ውጭ ነው የሚያቆመው።

ወረቀቱ በወጣ ማግስት ጠዋት አያቴ ወንበሯን አስወጥታ መተላለፊያው መሃል፣ በሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አባቴ ከመኪና ላይ የወረደ ብረት ተሸክሞ ገባና ወንበሯ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"እማዬ፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ። ከብዶኛል።"

"እንዴት አደርክ ልጄ።"

አባቴ ብረቱን ትከሻው ላይ አመቻቸ። "እንዴት አደርሽ እማዬ።"

"ደህና። ቁርስ በላህ?"

"አልበላሁም።"

"አውርደው እና ተቀመጥ።"

ብረቱን አወረደና እላዩ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ አክስቴ የተጠቀለለ ጨርቅ አቅፋ ከኋላ መጣች፣ ደንበኛ እየጠበቀቻት ነው። እሷም ደረሰች፣ እሷም ቆመች፣ እንዴት አደርሽ አለች፣ ተቀመጪ ስትባልም ብረቱ ላይ ከወንድሟ ጎን ተቀመጠች። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያን እሁድ መስኮትሽ ሥር ያልኩትን..." ብሎ ጀመረ፣ አልጨረሰውም። አክስቴ የጨርቁን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። አያቴ የአንዱን ፀጉር ከብረት ብናኝ አራገፈች፣ ከሌላኛዋ ቀሚስ ክር ለቀመች። ሥራ ቦታው እንደ ወትሮው አልጮኸም፣ የስፌት መኪናውም እንደዚያው።

እኔ ቦርሳዬን አዝዬ ከቤት ስወጣ ሦስቱ መንገዱን ሞልተውታል። አንድ ጎን ብረት፣ አንድ ጎን ጉልበት፣ መሃል ላይ ወንበር። ትምህርት ቤት ሊረፍድብኝ ነው።

"መንገድ ዘጋችሁ" አልኩ ተናድጄ።

"የገዛ መንገዴን ነው የዘጋሁት" አለች አያቴ። "ነይ፣ አንቺም ተቀመጪ።"